ሦስት ፕሮፎርማ ለአንድ ግድግዳ፦ የውጭ ልስን ዋጋ ለምን ይራራቃል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የቤቴ ግድግዳ በብሎኬት ተሠርቶ አልቋል። የውጭውን ስቱኮ ላሠራ ሦስት ሰዎች ዋጋ ሰጡኝ፤ ትልቁ ከትንሹ ከእጥፍ በላይ ነው። ሦስቱም ያዩት ያንኑ ቤት ነው። ቤቱ 100 ካሬ ነው፤ ትክክለኛው ዋጋ በካሬ ስንት ነው የሚባለው? ደግሞስ ሲሚንቶውን ጠንከር አድርጌ በአንድ ዙር ብቻ ባስለስነው ወጪው አይቀንስልኝም?»

ከቃሉ እንጀምር፤ ግማሹ ችግር እዚያው ነው። ስቱኮ ስትል አንዱ ባለሙያ የሚረዳው ቀለም ከመቀባቱ በፊት በስፓቱላ የሚሳበውን ስስ ልባጥ ነው። ሌላው ደግሞ በሲሚንቶ፣ በአሸዋና በኖራ የሚሠራውን ሙሉ የውጭ ልስን ይረዳል። የመጀመሪያው አንድ ወይ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ሁለተኛው ሁለት ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ሦስቱ ሰዎች ያዩት አንድ ቤት ቢሆንም ዋጋ የሰጡት ለአንድ ሥራ ላይሆን ይችላል። ማንም አልዋሸህም ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ቁጥሩ ከመሄድህ በፊት ሦስቱንም አንድ ጥያቄ ጠይቃቸው፦ ከባዶ ብሎኬት ተነስተህ የት ድረስ ነው የምታደርስልኝ? ቀለም ለመቀባት ዝግጁ እስኪሆን? ወይስ የመጨረሻው መልክ እስኪወጣ? መልሳቸውን ስትሰማ ልዩነቱ ራሱ መጥበብ ይጀምራል።

ሁለተኛው ስህተት «ቤቱ 100 ካሬ ነው» ያልከው ነው። ያ የወለል ስፋት ነው። ለሳኝ ደግሞ ወለል አይለስንም። አንድ ቤት 10 በ10 ሜትር ቢሆን ወለሉ 100 ካሬ ነው፣ ዙሪያው 40 ሜትር። በ3 ሜትር ቁመት የውጭ ግድግዳው 120 ካሬ ይመጣል። ሌላ ቤት 20 በ5 ቢሆን ወለሉ ያው 100 ካሬ ነው፤ ዙሪያው ግን 50 ሜትር ስለሆነ ግድግዳው 150 ካሬ ይሆናል። ወለላቸው እኩል ነው፣ የሁለተኛው ልስን ግን በሩብ ይበልጣል። በዚህ ላይ ከጣሪያው ሥር ያለው ሦስት ማዕዘን ግድግዳ አለ፣ የሰገነት ከለላ አለ፣ ከግቢ ያለው አጥር በሂሳቡ ውስጥ ገብቶ እንደሆነም ማጣራት አለ። በወለል ስፋት ዋጋ የሚሰጥህ ሰው ወይ እየገመተ ነው፣ ወይ ለራሱ መጠባበቂያ ጨምሮበታል።

የበርና የመስኮት ክፍት ቦታስ ይቀነሳል? በጽሑፍ ካላሰፈራችሁት መጨረሻ ላይ የሚያጣላችሁ ይሄ ነው። ብዙ ለሳኞች ትናንሽ መስኮቶችን አይቀንሱም፣ ምክንያትም አላቸው። የመስኮቱ ጎንና ጎን፣ ላይና ታች መለሰን አለበት፤ ጠርዙን ቀጥ አድርጎ ማውጣት ደግሞ ከሜዳ ግድግዳ የበለጠ ጊዜ ይበላል። እኔ የምመርጠው ክፍት ቦታውን በሙሉ ቀንሶ ጠርዙን በሜትር ለብቻው መክፈል ነው። ጥርት ያለ ሂሳብ ነው፤ ሁለታችሁም ሜትር ይዛችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የልስን ወጪን ከምንም በላይ የሚያንረው፣ ብዙ ባለቤት ግን ጨርሶ የማያየው፣ የግድግዳው ጠማማነት ነው። ብሎኬቱ ሲደረደር ቱንቢ (ቀጥታውን የሚያሳይ፣ በክር የተንጠለጠለ ክብደት) በደንብ ካልተያዘለት አንዱ ወጣ፣ ሌላው ገባ ይላል። ከሩቅ ሲታይ ምንም አይመስልም። ለሳኙ ግን ቀጥ ያለ ፊት ማውጣት ስላለበት የገባውን ሁሉ በቅልቅል መሙላት ይኖርበታል። ይሄን ራስህ ለካው። ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥር፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ እኩል ውፍረት ያላቸው ሁለት ቁራጭ እንጨቶች ከሲባጎው ሥር አድርግ፤ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ጥሩ ነው። ከዚያ በየአንድ ሜትሩ ከሲባጎው እስከ ብሎኬቱ ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለካ። ሁሉም ቦታ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከመጣ ግድግዳህ ወርቅ ነው። አንድ ቦታ አንድ፣ ሌላ ቦታ አራት ከመጣ ግን ተጨማሪው ወጪ የት እንዳለ አየኸው። ላይ፣ መሀልና ታች ላይ ድገመው፤ ለቁመቱ ደግሞ ቱንቢ ጣል።

ይሄ በሲሚንቶ ሲመነዘር ምን ያህል ነው? ያንን 120 ካሬ ግድግዳ እንያዝ፣ መስኮቱን ሳንቀንስ። በ20 ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.4 ሜትር ኩብ የተቦካ ቅልቅል ይፈልጋል። ሲሚንቶና አሸዋ በውሃ ሲቦኩ መጠናቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ደረቁን ዕቃ ለማወቅ በ1.3 ገደማ እናባዛለን፣ 3.1 ሜትር ኩብ ይመጣል። በ1 ለ 4 ቅልቅል፣ ማለትም አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ፣ ሲከፈል ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 18 ከረጢት፣ አሸዋ 2.5 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ለብክነት አስር ከመቶ ጨምርበትና 20 ከረጢት በል። ግድግዳው ተጣሞ አማካይ ውፍረቱ 30 ሚሊ ሜትር ከሆነ 20ው ከረጢት 30 ይሆናል። የአንድ ሴንቲ ሜትር ጥመት አስር ከረጢት ሲሚንቶ በላ ማለት ነው። አሸዋውም፣ ውሃውም፣ የእጅ ዋጋውም አብሮ ይጨምራል፤ ያን ያህል ውፍረት ባንዴ ስለማይለጠፍ አንድ ዙር ሥራም ይጨመርበታል። ትልቁን ዋጋ የሰጠህ ሰው ምናልባት ግድግዳህን ቱንቢ ይዞ ያየው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጠይቀው።

«በአንድ ዙር» ወዳልከው ልምጣ። ልስን በዙር የሚሠራው ለወጉ አይደለም። የመጀመሪያው ዙር ብሎኬቱን ይነክሳል፤ ስለዚህ ፊቱ ሻካራ ሆኖ፣ ተቧጥጦ ይተዋል። ሁለተኛው ግድግዳውን ያቃናል። ሦስተኛው ስሱ ደግሞ መልክ ይሰጣል። በእንጨት ወይም በብረት አጽም ላይ ሽቦ ተወጥሮ የሚሠራው ልስን ሦስቱንም ዙር ይፈልጋል፤ ውፍረቱ በድምሩ ወደ 22 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሁለቱ የታችኞቹ 10 አካባቢ፣ የላይኛው 3። ብሎኬት ላይ ግን ግድግዳው ቀጥ ያለ ከሆነ በአንድ መሠረታዊ ዙርና በአንድ ማጠናቀቂያ፣ 15 ሚሊ ሜትር አካባቢ ላይ፣ በደንብ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ከሦስት ወደ ሁለት መውረድ ይቻላል፣ እውነተኛ ቁጠባም አለው። ሁሉንም በአንድ ወፍራም ዙር መለጠፍ ግን አይሆንም። ከበድ ያለ ቅልቅል ገና ሳይጠብቅ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ሲደርቅም ውጩ ቀድሞ ስለሚጨማደድ ይሰነጠቃል። በፋብሪካ ተቀምሞ በከረጢት የሚመጣ ባለ አንድ ዙር ልስን አለ፣ ቃጫ የተጨመረበት፣ እስከ 12 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሚለጠፍ። እሱ የራሱ መመሪያ ያለው ሌላ ዕቃ ነው። ተራ ቅልቅል ይዞ «እኔም አንድ ዙር እሠራለሁ» የሚል ሰው ያንን እየሠራ አይደለም።

ሲሚንቶ መጨመር ልስኑን ያጠነክረዋል የሚለው ሐሳብ ደግሞ ገንዘብህንም ግድግዳህንም ይጎዳል። ሲሚንቶ በበዛ ቁጥር ቅልቅሉ ሲደርቅ መጨማደዱ ይብሳል፤ የተጨማደደ ነገር መሄጃ ሲያጣ ይሰነጠቃል። በእነዚያ ስንጥቆች ዝናብ ይገባል፤ ጥቅጥቅ ባለው ልስን ምክንያት ግን ተመልሶ አይወጣም። ደንቡ ቀላል ነው፦ ወደ ውጭ በወጣህ ቁጥር ዙሩ ከሥሩ ካለው መጠንከር የለበትም። ለብሎኬት 1 ለ 4 በቂ ነው። ከዚያም የተሻለው ኖራ ማስገባት ነው፣ ለምሳሌ 1 ሲሚንቶ፣ 1 ኖራ፣ 6 አሸዋ። ኖራ ቅልቅሉን ያለሰልሰዋል፣ በለሳኙ ማንካ ላይ ይታዘዛል፣ ትንንሽ የግድግዳ እንቅስቃሴዎችንም ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ለአንባቢ ሁሉ፦ ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ወይም በኖራ የተሠራ አሮጌ የድንጋይ ግንብ ከሆነ በሲሚንቶ አትለስኑት። እርጥበቱ ውስጥ ይታፈንና ግድግዳው ከውስጥ መበስበስ ይጀምራል። ለእሱ የኖራ ወይም የጭቃ ልስን ነው የሚሆነው።

የአሸዋ ጉዳይ ዋጋ ማቅረቢያ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ግን ብዙ ልስን የሚበላሸው እዚህ ነው። አፈር የበዛበት አሸዋ ርካሽ ነው። ለሳኞችም አንዳንዴ ይወዱታል፤ ስለሚጣበቅ ሥራው ይፈጥንላቸዋል። ጉዱ ሲደርቅ ይመጣል። አሸዋው ሲራገፍ አንድ የመስታወት ዕቃ እስከ ግማሹ ሙላ፣ ውሃ ጨምር፣ ትንሽ ጨው ጣል፣ ክዳኑን ዝጋና በደንብ በጥብጠው። ከዚያ ሳትነካካው ለጥቂት ሰዓታት አስቀምጠው። አሸዋው ከታች ይቀመጣል፣ አፈሩ ከላዩ እንደ ቡናማ ክሬም ይጋደማል። የዚያ የላይኛው ንጣፍ ውፍረት ከሥሩ ካለው አሸዋ ከ6 እስከ 8 ከመቶ ካለፈ ያ አሸዋ ይታጠብ ወይ ይመለስ። መኪናው ሄዶ ከሆነ ግን መመለሱ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ናሙናውን ቀድመህ አስመጣ።

ርካሹ ፕሮፎርማ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድሉ ሥራዎች አሉ፣ ከተለሰነ በኋላ ስለማይታዩ። አንዱ መረብ ነው። የኮንክሪት ኮለንና ቢም (ምሰሶና አግዳሚ) ከብሎኬት ጋር በሚገናኙበት መስመር ሁለቱ በሙቀትና በእርጥበት እኩል አይንቀሳቀሱም፣ ልስኑም በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። በመገጣጠሚያው ላይ ግራና ቀኝ ቢያንስ አስራ አምስት ሴንቲ ሜትር የሚይዝ የማይዝግ ሽቦ ወይም የፋይበር መረብ መቀመጥ አለበት። በመስኮት ማዕዘኖች ላይም በሰያፍ ቁራጭ መረብ ይደረጋል፤ ስንጥቅ ከዚያ መነሳት ይወዳል። የኮንክሪቱ ፊት ለስላሳ ከሆነም ልስን አይዘውም፣ መጀመሪያ በመዶሻ ይወቀር ወይም ቀጭን የሲሚንቶ ርጭት ይረጭበት። ሌላው የታችኛው ጫፍ ነው። ልስኑ አፈር ውስጥ ገብቶ መቀበር የለበትም፣ እንደ ፈትል ውሃ ወደ ላይ ይስባል። ከአፈር ቢያንስ 10፣ ከተነጠፈ ወለል ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቁም። ግድግዳው ራሱ የመንቀሳቀሻ ክፍተት ካለው ልስኑም እዚያው ላይ ክፍተት ይተው። በልስን ከሸፈኑት ራሱ ይከፍተዋል።

ከዚያ ውሃ ማጠጣት አለ። ይህ ዕቃ ሳይሆን ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ለለሳኙ ገንዘብ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፣ ከውሃ ጋር በሚፈጥረው ውህደት ነው። ውሃው ቀድሞ ካመለጠው ሥራውን ያቋርጣል። ብሎኬቱ ከመለሰኑ በፊት መርጠብ አለበት፣ ሳይንጠባጠብ፣ አለበለዚያ የቅልቅሉን ውሃ እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል። እያንዳንዱ መሠረታዊ ዙር ቢያንስ ለሁለት ቀን እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ከማጠናቀቂያው በፊት አንድ ሳምንት መጠበቅ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሥሩ የሚሰነጠቀውን ያህል ተሰንጥቆ ስለሚጨርስ የላዩ ዙር ይሸፍነዋል። አንድ ጊዜ የተጠራሁበት ቤት በፀሐይ በኩል ያለው ግድግዳ ብቻ ወለቅ ወለቅ ብሏል። በመዶሻው እጀታ ቆርቆር ሳደርገው እንደ ከበሮ ጎ ጎ ይላል። ከጫፉ አንድ ሰሃን የሚያህል ቁራጭ በእጄ መጣ፤ ገልብጬ ሳየው ጀርባው ደረቅ ዱቄት ነው፣ በጣት ይጠረጋል። ብሎኬቱም ላይ ምንም አልቀረም። ሲለሰን ብሎኬቱ የረጠበ አልነበረም፣ ከሰዓት በኋላ በቀጥታ ፀሐይ ነው የተለሰነው። ባለቤትየው ያንን ግድግዳ ማስነሳት፣ ቆሻሻውን ማስጫንና እንደገና ማስለሰን ነበረባቸው። ለአንድ ግድግዳ ሁለት ጊዜ ከፈሉ።

ስካፎልዲንግ በማን ነው የሚለውም ይለይ። አንድ ፎቅና ከዚያ በላይ ሲሆን መወጣጫው ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ዕቃ ወደ ላይ ማውጣቱም የእጅ ዋጋውን ያንረዋል። የመጨረሻው መልክም ዋጋ አለው፣ ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ብዙዎች ለስላሳው ቀላል ይመስላቸዋል፤ እውነቱ ግን ለስላሳ ፊት ከሁሉም ከባዱ ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታው እያንዳንዱን እብጠትና የማንካ መስመር ያሳያል። በእንጨት ማለስለሻ ተሽቶ ሸካራ የሆነው ወይም በርጭት የሚሠራው ፊት ትንሽ ጉድለት ይሸፍናል፣ ጥቃቅን ስንጥቅም አይታይበትም፣ ዋጋውም ይቀላል። ቀለም በልስኑ ውስጥ ተቀላቅሎ የሚሠራም አለ፤ አይላጥም፣ ጥገና ሲመጣ ግን አዲሱን ከአሮጌው ጋር ማመሳሰል በጣም ያስቸግራል።

እንግዲህ ቁጠባው የት ነው? በመልኩ ላይ ቆጥብ፣ በሥሩ ላይ አትቆጥብ። ኳርትዙን (ደቃቅ የድንጋይ ቅንጣት ያለበትን ማጠናቀቂያ) ወይም ሌላ ውድ ማጠናቀቂያውን ለፊት ለፊት ግድግዳ ብቻ አድርገው፣ ጎንና ጀርባው ሸካራ ሆኖ በቀለም ይለቅ። ጌጡን፣ በመስኮት ዙሪያ የሚወጣውን ክፈፍ ተወው፤ በሜትር የሚከፈል ነው፣ ድምሩን ሳታስበው ያብጠዋል። ገንዘብ ካጠረህ መሠረታዊውን ልስን በደንብ አሠርተህ ማጠናቀቂያውን ለሌላ ጊዜ ማሳደር ትችላለህ። መረቡን፣ የአሸዋውን ጥራትና ውሃ ማጠጣቱን ግን አትንካብኝ።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። ከሦስቱ አንዱንም ዛሬ አትምረጥ። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሥራውን ራስህ ጻፈው፦ በሜትር የለካኸውን የግድግዳ ካሬና የጠርዝ ሜትር፣ የዙር ብዛት፣ ውፍረቱ በአማካይ ስንት እንደሆነና ከዚያ ለሚያልፈው በየሚሊ ሜትሩ ምን እንደሚከፈል፣ የቅልቅሉን ልክ፣ መረቡ የት የት እንደሚገባ፣ ስንት ቀን ውሃ እንደሚጠጣና በማን፣ ስካፎልዲንጉ በማን እንደሆነ፣ የመጨረሻውን መልክ። ከነዕቃው ነው ወይስ የእጅ ዋጋ ብቻ የሚለውም ይግባበት፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማወዳደር አይቻልም። ያንኑ ወረቀት ለሦስቱም ስጥና በካሬና በሜትር ዋጋ ይሙሉበት። አሁን የሚመጣው ልዩነት እውነተኛ ልዩነት ነው። ያን ጊዜም አንዱ ከሁለቱ በጣም ከወረደ፣ ሲሚንቶውን ስንት ከረጢት እንደገመተ ጠይቀው። ከላይ ያሳየሁህን ሂሳብ አብራችሁ ሥሩት። ከረጢቱ ካልሞላ ልስኑም አይሞላም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጣሪያው ያለቀ፣ የመስኮት ክፈፉ የገባ፣ የመብራትና የውሃ ቱቦው የተቀበረ ይሁን፤ ከተለሰነ በኋላ የተቆፈረ ግድግዳ ጠባሳው አይጠፋም። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ አንድ ናሙና ከጀርባ በኩል አስጀምር፣ ከወደድከው እንደ መለኪያ ይቁም። ክፍያውን በዙር ከፋፍለው፤ የመጨረሻውን ድርሻ ግን ሥራው ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ ለመክፈል ከመጀመሪያው ተዋዋል። በዚያ ወር ውስጥ ልስኑ የሚሰነጠቀውን ተሰንጥቆ፣ የሚለቀውን ለቆ ያሳይሃል። ከመክፈልህ በፊት መዶሻ ይዘህ ዙሪያውን ቆርቁር፣ ባዶ ድምፅ የሰጠውን በጠመኔ ክበበው፣ ያ ቦታ ተነስቶ ይሠራ። የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ በቀለም ይሸፈናል። የሚሰፋና በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ካየህ ግን የልስን ነገር ላይሆን ይችላል፣ መሠረቱን የሚያይ መሐንዲስ ጥራ። ቀለሙንም ለዚያ ወር አቆየው፤ አዲስ ልስን የሲሚንቶውና የኖራው ኃይል ገና ስላልበረደ ቶሎ የተቀባን ቀለም ያቃጥለዋል።